ሄግ ሄግ ከማለታችን በፊት ስለ ወረቀት ትንሽ ላውራ

መስሪያ ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጦርነት ላይ ሲደርስ ሁሌ አንድ ሰው "እነዚህማ ሄግ ነው መቅረብ ያለባቸው" ይላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ወሬው እዛ ላይ ያልቃል። ፌስቡክ ላይም ያው ነው፣ የፈለጋችሁት ወገን ፖስት ስር ብትገቡ የኮሜንቱ ግማሽ ሄግ ነው። ባለፈው እኔ "ኢትዮጵያ እኮ የዛ ፍርድ ቤት አባል አይደለችም" ስል ሂሳብ ክፍል የሚሰራው ልጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ፣ "በቃ ማንም ምንም አይሆንም ማለት ነው?" አለኝ። አይደለም። ግን መልሱ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

የሄግን ነገር ቶሎ ልጨርስ። እዛ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ፍርድ ቤቶች አሉ፣ አንዱ አገርና አገር የሚካሰሱበት የተመድ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱ ማንንም አያስርም፤ ሌላው ግለሰብ የሚከሰስበት ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው፣ እኛ ሄግ የምንለው ይሄኛውን ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በተፈረመ ስምምነት ተቋቋመ፣ የሚያየው ከጁላይ 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሰራን ወንጀል ብቻ ነው፣ ስለዚ ቀይ ሽብርን ቢፈልግም ማየት አይችልም። አባል ያልሆነ አገር ውስጥ የተሰራ ነገር በዋናነት እሱ ጋ የሚደርሰው ወይ አገሩ ራሱ ፈቅዶ ሲቀበለው ወይ የጸጥታው ምክር ቤት ሲመራለት ነው፣ በ2005 ዳርፉርን በ2011 ሊቢያን እንደመራለት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ አልፎ ደሞ የራሱ ፖሊስ የለውም። ኦማር አልበሽር በ2009 እና በ2010 ሁለት የእስር ማዘዣ ወጥቶበት እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ለስብሰባ እየመጣ ይመለስ ነበር፣ እኛ መንገድ ተዘጋ ብለን ታክሲ ውስጥ ስናማርር መንገዱ ከተዘጋላቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

የዛ ስብሰባ ቦታ ራሱ ጉድ ነው። ረጅሙ የአፍሪካ ህብረት ህንጻ የቆመው ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ ነው፣ ታላላቆቻችን ከርቸሌ የሚሉት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ምንም ፍርድ ከገደላቸው ስልሳ ሰዎች አብዛኞቹ የተረሸኑት እዛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ጀነራሎች፣ ሚኒስትሮች፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ጭምር። ህብረቱ መቋቋሚያ ሰነዱ አንቀጽ 4 ላይ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ጣልቃ የመግባት መብት አለኝ ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደሞ ማላቦ ላይ አንድ መሪ ስልጣን ላይ እስካለ ድረስ የአፍሪካ ፍርድ ቤት አይነካውም የሚል ፕሮቶኮል ተቀበለ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ቀን ተራ በተራ ሳነብ ከመስኮት ህንጻው ይታየኝ ነበር፣ ሳቄ መጣ፣ ጥሩ ሳቅ ግን አይደለም።

ወደኛ ልምጣ። ሄግ ሳንሄድ እዚሁ ከተማ ውስጥ በራሳችን ዳኞች፣ በራሳችን ህግ አንድ መንግስት ሙሉውን፣ ደርግን፣ ከሰን ፈርደናል፣ ግን ከኔ በታች ያሉትን ልጆች ስጠይቅ ብዙዎቹ ወይ አያውቁም ወይ "መንግስቱ እኮ ሳይፈረድበት አመለጠ" ይሉኛል። ማምለጡን አመለጠ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ዚምባብዌ ገባ፣ ግን ተፈርዶበታል። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ህግ ጽህፈት ቤት ተቋቋመ፣ በሂደት ከ5,000 በላይ ሰው ተከሰሰ፣ የትላልቆቹ መዝገብ ችሎት የተከፈተው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ሰው ስለ ጦር ወንጀል ፍርድ ሲያስብ ፊልም ላይ እንደሚታየው ምስክር እያለቀሰ ሲያወራ፣ ዳኛው ሲያፈጥ ምናምን ነው የሚታየው። ምስክር ነበር፣ በብዛት። ግን የደርግን ሰዎች አላላውስ ያላቸው የራሳቸው ፋይል ነው። ደርግ ወታደርም ነበር ቢሮክራትም ነበር። ሲገድል ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ትዕዛዝ በደብዳቤ ይወርዳል፣ ቀበሌ ከበላዩ ላለው አስተዳደር፣ "ከፍተኛ" ለሚባለው፣ ሪፖርት ያደርጋል፣ ከፍተኛ ወደ ላይ ያደርጋል፣ ፊርማ አለው፣ ክብ ማህተም አለው። መንግስቱ ከሸሸ በሳምንቱ ነው ከተማው የተያዘው፣ ቀሪዎቹ ያንን ሁሉ ለማቃጠል ጊዜም ልብም አልነበራቸውም መሰለኝ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ቀረ። ልዩ ዐቃቤ ህጉ ስራው ያንን መልቀም ነበር። በአንድ በኩል ወረቀት በሌላ በኩል አጽም፣ አጽሙን ለማውጣት ከአርጀንቲና ባለሙያዎች መጥተው ነበር፣ በራሳቸው አገር ወታደሮች የሰወሯቸውን ሰዎች ሲቆፍሩ የተማሩትን ነው ይዘው የመጡት፣ እዚህ ያወጧቸው አንዳንዶቹ አጽሞች ናይለን ገመዱ አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው የተገኙት።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከቤት የተወሰደ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናቴ ለዓመታት ሱዳን ገብቶ ይሆናል ትል ነበር፣ ምክንያቱም የሆነ ሰው የሆነ ሰው ካርቱም ውስጥ አይቼዋለሁ አለ ተብሎ ነበር፣ በዛ ዘመን ስንቱ ቤተሰብ እንደዚህ አይነት ወሬ ይዞ እንደኖረ እናንተም ታውቃላችሁ። ከዛ በክሱ ጊዜ አንድ የስም ዝርዝር ኮፒ እጇ ገባ። አሁንም ቤታችን አለ፣ ላስቲክ ውስጥ። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ስራ የሚለው ላይ ተማሪ፣ መጨረሻው አምድ ላይ "እርምጃ ተወስዷል"። በጣም ቆንጆ የእጅ ጽሁፍ ነው፣ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ትምህርት ቤት ጎበዝ የነበረ ሰው ነው የጻፈው። ከታች ደሞ እንደማንኛውም የመስሪያ ቤት ደብዳቤ "ግልባጭ፦" ይልና ሁለት ቢሮ ይጠቅሳል። እኔ በስራዬ በቀን ስንት ግልባጭ እጽፋለሁ፣ ያቺን ወረቀት ካየሁ ወዲህ ግን ግልባጭ ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ልጅ ገድሎ ግልባጭ የሚልክ ሰው እንደሚጠየቅበት አላሰበም ማለት ነው፤ ወይ ደሞ የሚጠየቀው ካልገደለ ብቻ ነው ብሎ አስቦ ነበር፣ እሱም ሊሆን ይችላል።

ህጉም የራሱ አስገራሚ ነገር አለው። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ስምምነቱን ከዓለም ቀድማ ያጸደቀች አገር ናት፣ ጁላይ 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ.። ከዛ ጃንሆይ የስዊዙን ፕሮፌሰር ዣን ግራቨንን ይዘው በ1949 ዓ.ም. ያወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ህግ አንቀጽ 281 ላይ የተመዱ ስምምነት ያልደፈረውን ነገር ጨመረ፣ በብሔር በዘር በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ቡድንን ለማጥፋት መነሳትም እዛው ውስጥ ገባ። ተመድ ላይ ይሄን ያስወጡት እነ ሶቪየት ህብረት እንደነበሩ ይታወቃል፣ ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። እና ኢህአፓ፣ መኢሶን እየተባለ የተጨፈጨፈው ሰው በዚህ አንቀጽ ገባ። ጃንሆይን ገደላችሁ የተባሉት ሰዎች ጃንሆይ ባወጡት ህግ ነው የተፈረደባቸው፣ ይሄን ልብ ወለድ ላይ ብጽፈው አበዛኸው ትሉኝ ነበር።

ፍርዱ ግን በሙሉ ድምጽ አልነበረም። ሁለት ለአንድ ነው። የተለየው ዳኛ ሰዎቹ ነጻ ናቸው አላለም፣ ያለው የፖለቲካ ቡድን የሚለው ጥበቃ በደርግ ጊዜ በወጣ ህግ ተነስቷል፣ ስለዚ መጠየቅ ያለባቸው በከባድ የሰው ግድያ እንጂ በዘር ማጥፋት አይደለም ነው። ገዳዩ ራሱ ያወጣው ህግ ገዳዩን ይጠቅመው ወይ የሚል ጥያቄ ነው፣ ከባድ ነው። እኔ በስሜት ከሁለቱ ጋ ነኝ፣ ግን እንደዛ አይነት የልዩነት ሀሳብ የተጻፈበት ፍርድ ስለሆነ ነው ፍርዱን የማምነው፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ቢሆን ደርግን ነበር የሚያስታውሰኝ።

ያበላሸው ጊዜው ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተጀምሮ ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው፣ አንድ ቀን ሲቀረው አስራ ሁለት ዓመት። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። ለማነጻጸር ኑረምበርግ የናዚ ቁንጮዎቹን አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው የጨረሰው፣ ያው እሱ የአሸናፊ ፍርድ ነው ተብሎ ይታማል። የኛው በመሀል ተከሳሽ ሞተ፣ ምስክር ሞተ፣ እናቶች ሞቱ፣ አያቴም ከነሱ አንዷ ናት። ጥር 1999 ላይ እነ መንግስቱ እድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ ዐቃቤ ህግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞት አደረገው፣ በ2003 ዓ.ም. ደሞ ለ23ቱ ወደ እድሜ ልክ ተቀየረላቸው፣ ከዛ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሀያ ዓመት ታስረዋል ተብሎ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። ሰው ይሄን ሲሰማ "ህገ መንግስቱ ይከለክላል አይደል?" ይላል፣ አንቀጽ 28 እንዲህ አይነት ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምህረትም በይቅርታም አይታለፍም ይላል፣ ግን እዛው አንቀጽ ስር ንዑስ ሁለት ላይ ርዕሰ ብሔሩ የሞት ፍርድን ወደ እድሜ ልክ ማውረድ ይችላል የሚል አለ፣ በዛች በር ነው የተገባው፣ ከዛ በኋላ ያለው የተራ እስረኛ የአመክሮ ህግ ነው። ህጋዊ ነው። ደስ ይላል ግን አላልኩም።

የዛን ቀን ዜናውን እናቴ ጋ ቁጭ ብለን ነበር ያየነው። ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ "ይውጡ እንግዲህ፣ አርጅተዋል፣ እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ" አለች፣ ትንሽ ቆይታ ግን "የት እንደቀበሩት ሳይናገሩ ነው የሚለቋቸው?" አለችኝ። ይሄን ጥያቄ እስከዛሬ የሚመልስላት አላገኘሁም። ወረቀቱ ላይ ግልባጩ አለ፣ ጉድጓዱ የለም። የወንጀል ችሎት ማን ገደለ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ሬሳው የት ነው የሚለው ለፍርዱ ካላስፈለገ ማንም አይጎተጉትም፣ ለእናቴ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ መንግስቱ በ1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ የሰበረበት አደባባይ ላይ ማለት ነው፣ በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ወስጃት ነበር፣ በመስታወት ውስጥ ያሉትን አጽሞች አንድ በአንድ አየች፣ ጥርስ ነበር የምትፈልገው፣ ወንድሟ ፍንጭት ነበር።

ወረቀት ካለ ፍርድ አለ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያንን እዩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ከዛ በኋላ ባሉት ቀናት እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው በየቤቱ ሲቃጠል፣ በአካፋና በዶማ ሲገደል፣ ሮምና አዲስ አበባ በቴሌግራም እየተጻጻፉ ነበር፣ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች ተገኝተዋል፣ የኛ መንግስት አሳትሟቸዋል፣ ከጦርነቱ በኋላ ለተባበሩት መንግስታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አስር ስም አቅርበን ነበር፣ ባዶሊዮና ግራዚያኒን ጨምሮ። ማስረጃው በቂ ነበር። ማንም አልቀረበም፣ እንግሊዝ አልፈለገችም፣ ጊዜው ጣሊያንን ከኮሚኒስት ማስጣያ ጊዜ ነበር። ግራዚያኒ በኋላ በራሱ አገር 19 ዓመት ተፈረደበት፣ ግን ለጀርመን በማደሩ ነው እንጂ በኛ አይደለም፣ ወራት ታስሮ ወጣ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደሞ አፊሌ የምትባል ከተማ ሀውልት ሰራችለት። እና የታሪክ ነገር ሆኖ ደርግ ሲወድቅ አራት ባለስልጣኖች ሸሽተው የገቡት የት ነው? አዲስ አበባ ያለው የጣሊያን ኤምባሲ። ጣሊያን የሞት ቅጣት ያለበት አገር አሳልፌ አልሰጥም አለች፣ ህጓ ነው፣ አልፈርድባትም፣ ሁለቱ እዛው ሞቱ፣ ሁለቱ እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ ሰላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው፣ እዛ ግቢ ውስጥ ኖሩ። እኔ ከመወለዴ በፊት ገብተው እኔ ስራ ይዤ ነው የወጡት።

በሌላ በኩል ደሞ ማንም ባልጠበቀው ቦታ የተያዙ አሉ። አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል ስትሰራ የነበረች ኢትዮጵያዊት እዛው ሆቴል ሻንጣ የሚያወጣ የሚያወርደውን ሰው አየችው፣ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ሆኖ ሲያስገርፋት የነበረው ነው። ሌሎች ሁለት ሴቶች ተጨመሩ፣ በ1789 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ህግ ከሰሱት፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ለሶስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። ብሩን ከሱ ማን ሊያገኘው፣ ግን ዜግነቱን አጣ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ተላከ። ሆላንድ ደሞ እሸቱ ዓለሙ የተባለው የጎጃም የደርግ ሰው ለዓመታት በሰላም ሲኖር ቆይቶ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሄግ ላይ እድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ደብረ ማርቆስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ለተገደሉ 75 ወጣት እስረኞች ጭምር። አያችሁ፣ ሄግ ያልነው ሄግ መጣ፣ ግን ያ ትልቁ ፍርድ ቤት አይደለም፣ የሆላንድ ተራ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፣ የጦር ወንጀል የትም ይሰራ የት እኔ ጋ ያለ ሰው ከሆነ እፈርዳለሁ ባለ ህግ። እና እዛም ችሎት ላይ ከመጡት ማስረጃዎች ውስጥ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነበር። የቻዱ ሂሴን ሀብሬም እንደዛው፣ የስለላ ድርጅቱ ፋይል እንጃሜና ውስጥ ወለል ላይ ተበትኖ በ2001 እ.ኤ.አ. ተገኘ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ በአፍሪካ ህብረት ድጋፍ የተቋቋመ ችሎት እድሜ ልክ ፈረደበት።

አሁን ደሞ ወረቀቱ ስልክ ሆኗል። በ2017 እ.ኤ.አ. ያ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አንድ የሊቢያ አዛዥ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ዋናው ማስረጃ ሶሻል ሚዲያ ላይ የተለቀቀ ሰው ሲረሽን የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። እኛ ጋ ይሄ አይነት ቪዲዮ ስንቱ ተለቋል፣ ግን እንዴት ነው የያዝነው? አንዱ ከቴሌግራም ወስዶ ሙዚቃ ይጨምርበታል፣ ሌላው ቀዩን ክብ ያደርግበታል፣ ሶስተኛው የሌላ አገር ቪዲዮ ከሱ ጋ ይቀላቅላል፣ ቲክቶክ ያጠፋዋል፣ መጀመሪያ የቀረጸው ልጅ ፈርቶ ስልኩን ፎርማት አድርጓል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ አጽድቋል፣ ልዩ ዐቃቤ ህግ፣ ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋማል ይላል፣ በወንጀል ህጋችን ላይ ግን በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በስሙ ተደንግጎ የለም፣ እሱም መውጣት አለበት። መቼ ይሆናል፣ ማንን ይነካል፣ አሸናፊው ራሱን ይከሳል ወይ፣ እኔ ብዙ ተስፋ አላደርግም፣ በጃንሆይ ህግ የተከሰሱት ሰዎች ግን እነሱም ማንም አይከሰንም ብለው ነው ግልባጭ የላኩት።

ስለዚ ለዛ ለሂሳብ ክፍሉ ልጅ የምለው፣ ለናንተም፣ አንድ ነገር ስልካችሁ ላይ ካለ ለጓደኛ ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት ዋናው ፋይል እንዳለ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ፍላሽ ይሁን ሀርድ ዲስክ፣ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ መቼና የት እንደተቀረጸ የሚናገረው መረጃ ሊጠፋ ይችላል፣ ካስፈለገ እንደ ፋይል ላኩት። ማን ቀረጸው፣ ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ ማን ሰጣችሁ፣ ደብተር ላይ በእጅ ጻፉት፣ ከፋይሉ ጋ ሳይሆን ለብቻ አስቀምጡት። የቀረጸውን ሰው ስም ደሞ በጭራሽ ፖስት እንዳታደርጉ፣ ኮሜንት ላይም ቢሆን፣ ታግ ማድረግ የምትወዱ ሰዎች ለናንተ ነው።